ሦስት አራተኛ

የአባባን ልብ ያስተነፈሰችው የእኔ መርፌ ናት ብዬ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቴ ድረስ አምኜ ኖሬያለሁ። ለጓደኞቼም እየማልኩ አውርቻለሁ። አንዷ ዛሬም መንገድ ላይ ስታገኘኝ «መርፌሽ ደህና ናት?» ትለኛለች። ትሳቅብኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ደግሞም በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው ያወራሁት።

አባባ የእናቴ አባት ነው፣ የቧንቧ ሠራተኛ። ታናሽ ወንድሙም የቧንቧ ሠራተኛ ነው። እሱን «ትንሹ አባባ» እለው ነበር፤ ከአባባ በአንድ ራስ ቢረዝምም ታናሽ ታናሽ ነው። ሁለቱ ግቢያችን ጥግ ላይ በቆርቆሮ የተሠራ ወርክሾፕ ነበራቸው። አንድ ቧንቧ ማሰሪያ ሞርሳ፣ አንድ መስኮትና አንድ ራዲዮ ለሁለት ይጠቀማሉ። ንግግር ግን የላቸውም። ከተኳረፉ አራት ዓመት አልፏቸው ነበር።

ተኳርፈው እንዴት አብረው ይሠራሉ ካላችሁ፣ በእኔ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ ሞርሳው አጠገብ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ጉብ እላለሁ።

«ብሎኔ» ይላል አባባ፤ ሲያቆላምጠኝ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «ለዚያ ሰውዬ መጋዙን ያቀብለኝ በይው።»

ሰውዬው ከጀርባው ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሟል።

«ትንሹ አባባ፣ መጋዙን አቀብለው።»

«እንደ ትናንቱ ጥርሱን እንዳይጨርሰው በይው።»

«አባባ፣ እንደ ትናንቱ...»

«ሰምቻለሁ!» ይላል አባባ። ከዚያ ትዝ ይለውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰምቻለሁ በይው።»

እኔ ትምህርት ቤት ስሆን እንዴት እንደሚሠሩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የጠባቸው መነሻ አንድ ቧንቧ መሆኑን ሰምቻለሁ። የትኛው ቧንቧ እንደሆነ ግን ማንም አይነግረኝም። እናቴን ስጠይቃት «ተያቸው እነዚህን ልብ አውልቅ ሽማግሌዎች» ብላ ታልፈኛለች። የጎረቤት ሴቶች ግን አጥር ተደግፈው ሲያወሩ ጆሮዬን ቀስሬ አዳምጣለሁ። «የታላቅየው ልብ አብጦ ነው እንጂ፣ አጠፋሁ ብሎ ቢጨርሰው ምን ነበረበት?» ይላሉ። እኔም ማታ ስንተኛ የአባባን ደረት በጎን በጎኑ አየዋለሁ። እውነትም ወደ ላይ ከፍ ያለ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባባ ቧንቧ ሲቆርጥ መጋዙ መሃል ላይ ቆመ። ሞርሳውን በሁለት እጁ ጨብጦ አንገቱን ደፋ። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ትንሹ አባባ ዞር አለ።

«ብሎኔ!» አለ፤ ድምፁ ሌላ ሆኖብኛል። «ለዚያ ሰውዬ ቁጭ በል በይው!»

«አባባ፣ ቁጭ በል።»

«ደህና ነኝ በይው።»

«ደህና ነኝ ብሏል።»

«ፊቱ አመድ መስሏል በይው! ደረቱን ለምን ይዟል በይው!»

«አባባ፣ ደረትህን ለምን ያዝከው?»

አባባ ትንፋሹን እየቆጠረ፣ «ሰው የተቀመጠበት መሰለኝ በይው» አለ።

ይህን መልእክት ሳላደርስ ትንሹ አባባ አንስቶ ተሸከመው። «ልሸከመው ነው በይው!» ያለኝ በር ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ «አባባ፣ ሊሸከምህ ነው!» አልኩ፤ አባባም ከትከሻው ላይ ሆኖ «አይቻለሁ በይው» አለ። ታክሲ ውስጥ መሃላቸው ተቀመጥኩ። ያን ያህል መልእክት በሕይወቴ አስተላልፌ አላውቅም፤ ስንደርስ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር።

ሆስፒታሉ አባባን አስተኛው። ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮትና ጥግ ላይ አንድ የእጅ መታጠቢያ አለው። የመታጠቢያው ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። አባባ ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጥፎበት እንኳ ዓይኑን ከዚያ ቧንቧ ላይ መንቀል አልቻለም። ትንሹ አባባ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። እናቴ «ግባ እንጂ» ስትለው «አልተጠራሁም» አላት።

በማግሥቱ ሐኪሟ መጣች። ወጣት ናት፣ ቁመቷ እናቴ ትከሻ ላይ አይደርስም። ወረቀቷን አገላብጣ አየችና «አባቴ፣ ልብዎ ትንሽ አብጧል» አለች።

ክው አልኩ። የጎረቤት ሴቶች እዚህ ድረስ መጥተው ነገሯት ማለት ነው?

ዛሬ ሐኪሟ ምን ማለቷ እንደሆነ ይገባኛል። ደም ያነሰው ልብ ያለ አቅሙ ሲታገል ይደክምና ይለጠጣል፤ እብጠቱ ያ ነው። ያኔ ግን «ጎሽ፣ በመጨረሻ ፊት ለፊት የሚነግረው ሰው ተገኘ» ብዬ አባባን በኩራት አየሁት።

«ዋናው ችግር ግን ወደ ልብዎ ደም የሚወስደው ቧንቧ ነው» ስትል ቀጠለች። «አንድ ቦታ ላይ ጠቧል፤ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። በእጅዎ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተን ልብዎ ድረስ እንሄዳለን። እዚያ ስንደርስ ጫፉ ላይ ያለችውን ፊኛ እንነፋታለን። ፊኛዋ ጠባቡን ቦታ ትከፍተዋለች፤ ተመልሶ እንዳይጠብ ደግሞ ትንሽ የሽቦ መረብ ትተንለት እንወጣለን። ከተዘጋ ግን ልብ ሊቆም ይችላል።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«አይሆንም» አለ አባባ። «ከእጄ ገብታችሁ ልቤ ልትደርሱ? አርባ ዓመት ቧንቧ ስከፍት እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ሲዘጋ እርስዎ ግድግዳውን ነው የሚያፈርሱት?»

«ግድግዳ የሚያፈርስማ ጀማሪ ነው!»

«ታዲያ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?»

«ከአፉ ሽቦ እሰድና እየገፋሁ እሄዳለሁ። የተዘጋበት ቦታ ስደርስ እጄ ያውቀዋል።»

«የእኔም እጅ ያውቀዋል» አለች ሐኪሟ። «ደግሞ እኔ በስክሪን እያየሁ ነው የምሄደው፤ እርስዎ እሱም የለዎትም።»

አባባ የስምምነት ወረቀቱን ተቀበላት፤ ግን አልፈረመም። ደረቱ ላይ አስቀምጦ ጣሪያውን ያያል።

እኔ በዚህ መሃል ቆሌዬ ተገፏል። ያበጠ ልብ ላይ ፊኛ ሊነፉበት! እንዲያው ሳይነፋ አራት ዓመት ወንድሙን ያኮረፈ ሰው ተነፍቶ ምን ሊሆን ነው? እናቴን ያኮርፋል። እኔንም ያኮርፈኛል። እኔን ካኮረፈ ደግሞ የእኔን ቃል ለእሱ የሚነግርልኝ ማን ነው? ሞት ምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም ነበር፤ ኩርፊያን ግን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ወደ ኮሪደሩ ሮጥኩ።

«ምን አለች?» አለ ትንሹ አባባ ካለበት ብድግ ብሎ።

«ፊኛ ሊነፉበት ነው። አልፈርምም ብሏል።»

ትንሹ አባባ ግድግዳውን ተደገፈ። ኮፍያውን አውልቆ ደጋግሞ አጠፈው። «ይፈርም በይው» አለ። «ሂጂ። ይፈርም፣ እባክህ ብሏል በይው።»

በአራት ዓመት ውስጥ ስንቱን መልእክት ሳመላልስ «እባክህ» የሚባል ቃል በእጄ አልፎ አያውቅም። እንዳይፈስብኝ ብዬ በቀስታ ነው ይዤው የሄድኩት።

«አባባ፣ ትንሹ አባባ ይፈርም ብሏል።»

«ሌላስ?»

«እባክህ።»

አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቧንቧዋ ስምንት ጊዜ ጠብ እስክትል ድረስ አልተናገረም፤ ቆጥሬያለሁ። ከዚያ «እስክሪብቶ አምጪ» አላት እናቴን።

እኔ ግን የማደርገውን ወስኜ ነበር። እናቴ ከቦርሳዋ የማትለያት የልብስ መርፌ አለቻት፤ እሷን ከነክሯ መዝዤ ያዝኩ። ሊወስደው የመጣው ነርስ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሲራመድ የሚያፏጭ ሰው ነው። ጋሪውን ከመግፋቱ በፊት ፊቱ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ይቺን ይያዙልኝ።»

«ምን ላድርግባት?»

«ፊኛው ከበዛ ያስተንፍሱበት። ልቡ ድሮም ያበጠ ነው።»

እናቴ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አባባ ከጋሪው ላይ ቀና ብሎ «ማነው ልቡ ያበጠ?» አለ። ነርሱ ግን አልሳቀም፤ ማለቴ ከንፈሩን ነክሶ ቻለው። መርፌዋን ክሯን ጠቅልሎ ኮሌታው ላይ ሰካትና «አደራሽን ተቀብያለሁ» አለኝ። ዛሬ ሳስበው በሩን ሳያልፍ ነቅሎ አስቀምጧታል፤ እንዲህ ያለ መርፌ ይዞ እዚያ ክፍል የሚገባ የለም። ያኔ ግን እፎይ ብዬ ከመንገዱ ዞር አልኩለት።

ጋሪው ኮሪደሩ ላይ በትንሹ አባባ አጠገብ አለፈ። ሁለቱ ተያዩ።

«ብሎኔ፣ ለዚያ ሰውዬ...» አለ ትንሹ አባባ።

«ምን ልበለው?»

«ምንም።»

ጋሪውን ተከትዬ ሮጥኩ። «አባባ! ምንም ብሏል!»

በሩ ሲዘጋ አባባ ሲስቅ ሰማሁት።

ከዚያ ጠበቅን። እናቴ የወለሉን ንጣፍ በጫማዋ ጫፍ ትቆጥራለች። ትንሹ አባባን አላስቆም አላስቀምጥ ብሎታል፤ ኮሪደሩን እስከ ጫፉ ሄዶ ይመለሳል። እኔ የፊኛ ፍንዳታ እሰማ እንደሆን ብዬ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌያለሁ። በመጨረሻ ሰፊው ነርስ እያፏጨ ወጣ። «ተከፈተ!» አለ። «እንደ ጅረት እየፈሰሰ ነው!» እናቴ አቅፋው አለቀሰች። እኔ ኮሌታውን አየሁ። መርፌዬ የለችም።

ከሰዓት በኋላ አባባ ክፍሉ ውስጥ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። አመድ የነበረው ፊቱ ቀልቷል። አንጓው ላይ ውስጡ አየር ያለበት፣ ወዲያ የሚያሳይ የላስቲክ አምባር አስረውለታል። ነርሱ ገባ፤ እጁ ላይ ትልቅ መርፌ ይዟል። የእኔዋ መርፌ የጣት ያህል ነበረች፣ ይህኛው የክንድ ያህል መሰለኝ። አድጋለች ማለት ነው።

«አሁን ቀስ እያልን እናስተነፍሰዋለን» አለ። «በአንዴ አይሆንም፤ በአራት ጊዜ ነው።» እኔን አይቶ ጠቀሰኝ። ልቤ በደስታ ልትወጣ ደረሰች። ቃሉን ጠብቋል!

አምባሩ የተወጋውን የደም ሥር ተጭኖ የሚይዝ ነው፤ ቁስሉ ሲደርቅ አየሩ በመርፌ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ነገሩ ይኸው ነው። ግን እስቲ በእኔ ቦታ ሁናችሁ እዩት።

ነርሱ መርፌውን ሰክቶ አንድ ጊዜ ሳበ። አየር ወጣ። አባባ ጉሮሮውን ጠረገና «የት ነው?» አለ።

«ማን?» አለች እናቴ።

«ያ ሰውዬ ነዋ።»

ነርሱ ወጥቶ ተመለሰና ሁለተኛ ሳበ። «ጥሩልኝ» አለ አባባ። አየሩ እየወጣ እሱ እየለዘበ ሲሄድ አፌን ከፍቼ አያለሁ። ትንሹ አባባ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ መጣና በሩ ላይ ቆመ። አባባ አየው፤ መልሶ ወደ መስኮቱ አየ። እኔ መሃላቸው ተዘጋጅቼ ቆሜያለሁ፤ የሚላክልኝ ነገር ግን የለም።

ነርሱ ለሦስተኛ ጊዜ ሳበ።

«ሦስት አራተኛ ነበር» አለ አባባ።

ለእኔ አይደለም ያለው። እኔን አልፎ በቀጥታ ለትንሹ አባባ ነው የተናገረው።

ትንሹ አባባ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አለ። «አሁን ይቺን ለማለት ልብህ እስኪዘጋ ትጠብቃለህ?» አለ፤ እንባው በአፍንጫው በኩል እየወረደ።

«አንተስ ሳትጠራ ላትገባ ነው? እሞት ነበር እኮ!»

«ብትሞት እገድልህ ነበር!»

እኔ በደስታ እየዘለልኩ «ሦስት አራተኛው ወጣ! ሦስት አራተኛው ወጣለት!» ብዬ ጮህኩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ፍርስ ብለው ሳቁ። ነርሱ «ኧረ እጅዎን አያንቀሳቅሱ!» እያለ አንጓውን ይዞ ለመነው።

ሂሳቡ ለእኔ ግልጽ ነበር። ከአራት ሦስት ተስቧል፤ ከአባባ ልብ እብጠት ሦስት አራተኛው ወጥቷል። አባባም ራሱ ተሰምቶት ተናገረ።

በአሥራ ስምንት ዓመቴ ወርክሾፑ ውስጥ ሥራ ስጀምር አንድ ቀን ለፎቅ ቤት ቀጭን ቧንቧ መረጥኩ። ትንሹ አባባ ምንም ሳይል ከመደርደሪያው ላይ አንድ ቁራጭ ቧንቧ አወረደና በውስጡ እንድመለከት ሰጠኝ። ግማሽ ኢንች ነው፤ ዝገትና ጨው ሞልቶት ብርሃን አያሳልፍም። ያ ዝነኛ ቧንቧ እሱ ነበር። ሦስት ፎቅ ላለው ቤት አባባ ግማሽ ኢንች ይበቃል ሲል፣ ትንሹ አባባ ሦስት አራተኛ ካልሆነ ይዘጋል ብሎ ተከራከረ። አባባ «ታላቅህ እኔ ነኝ» ብሎ የራሱን ቀበረ። ዓመት ሳይሞላው ላይኛው ፎቅ ውሃ አጣ፤ አባባ የዕድሜ ልክ ኩራቱን ውጦ ግድግዳ ማፍረስ ግድ ሆነበት። እያፈረሰም ጥፋቱ የውሃው ግፊት ነው እንጂ የቧንቧው አይደለም አለ። ኩርፊያው የተጀመረው ያን ቀን ነው።

የዚያን ዕለት በሕክምናው ክፍል የሆነውን ደግሞ ሐኪሟ ራሷ ናት ለትንሹ አባባ የነገረችው፤ እሱም ቧንቧውን የሰጠኝ ቀን አወራልኝ። አባባ ተኝቶም ነቅቷል፤ የሚያደነዝዙት እጁን ብቻ ነው። የራሱን ልብ በስክሪን እያየ ነበር። ፊኛዋ ከከፈተች በኋላ ረዳቷ ስለሚገባው የሽቦ መረብ «ሁለት ከግማሽ ይሁን ሦስት?» ብሎ ጠየቃት፣ በሚሊ ሜትር። ከጨርቁ ሥር አባባ ጮኸ፦ «ልጄ፣ ሰፊውን! ጠባቡ ይዘጋል!» ሐኪሟ «ለክቼዋለሁ አባቴ፣ ሦስት ነው» አለችው። አባባ ትንሽ ቆይቶ «ወንድሜ ውጭ አለ?» ብሎ ጠየቃት።

እንግዲህ አባባን ያስተነፈሰው አየሩ አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ ሳይተነፍሰው የኖረውን ቃል ነው የተነፈሰው። ይህን ከሰማሁ በኋላም ግን መርፌዬን ሙሉ በሙሉ አልካድኳትም።

ወደዚያ ክፍል ልመልሳችሁ፤ አንድ አራተኛ ቀርቶናል።

ነርሱ ለመጨረሻው ሲመጣ ደስታዬ ድንገት ጠፋ። አባባ ሁሉን ማመስገን ጀምሯል። ነርሱን አመሰገነ፣ እናቴን አመሰገነ፣ ጨው አልባውን የሆስፒታል ሾርባ ሳይቀር «እጅ ያስቆረጥማል» አለ። በሕይወቱ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። የነርሱን ጋውን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ የመጨረሻውን ይተዉለት።»

«ለምን?»

«ሁሉም ከወጣ አባባ አባባ አይሆንማ።»

ያን ኩራቱንም እወደው ነበር። ሞርሳው ፊት ደረቱን ነፍቶ ሲቆም ከእሱ የሚበልጥ ቧንቧ ሠራተኛ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

«ሁሉም መውጣት አለበት እቴ» አለ ነርሱ። ሳበ። አምባሩ ተሸበሸበ።

አባባ ዝም አለ። እንባዬ መጣ።

ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

የአባባ ቅንድብ ተነሳ። አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ መታጠቢያው አዞረ።

«ይሄን የገጠመው ደንቆሮ ማን ነው?» አለ።

ተመስገን! ትንሽ ቀርቶታል! ዘልዬ አልጋው ላይ መሃላቸው ወጣሁ።

ትንሹ አባባ ከኮቱ ኪስ መፍቻ አውጥቶ እጅጌውን እየጠቀለለ ወደ መታጠቢያው ሄደ። «የውስጡ ጎማ ነው» አለ።

«ጎማው አይደለም፣ የብሎኑ ክር ነው!»

«አንተ ከዚያ ሆነህ እንዴት አየኸው?»

«ድምፁን እየሰማሁ! ወደ ግራ አዙረው። ወደ ግራ! ግራህን አታውቅም እንዴ?»

«አርፈህ ተኛ! ልብህ ገና ዛሬ ነው የተከፈተው!»

እኔ ለመልእክት ተሰናድቼ አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው እዞራለሁ። ጭቅጭቁ ከአናቴ በላይ ወዲያና ወዲህ ያልፋል። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ አንዳቸውም «በይው» አላሉኝም።